ቦታው ላይ ቆሞ የሚሮጥ ባቡር፦ ሮለር ስታንድ ለሞተሩ ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል?

ስለ ሞዴል ባቡሮች፣ ማለትም እውነተኛውን አስመስለው በትንሹ ስለሚሠሩት፣ የምንወያይበትን ይህን ክር (ጥያቄና መልሱ የሚቀጣጠልበትን ገጽ) የከፈትኩት እኔ ነኝ። ማክሰኞ ማታ ነበር። እስከ እሁድ ማታ ከኔ ጥያቄ ጋር 22 ጽሑፍ ሆነ። መሀል ላይ የገቡ ሰዎች ከላይ ያለውን ማንበብ ስለከበዳቸው፣ ማን ምን እንዳለ በራሴ ቃል ልተርክ። አንዳንዱ መልስ የአንድ ገጽ ያህል ነው፣ አንዳንዱ ሁለት ቃል። እኔም የሚያስፈልገው ላይ ቆም እያልኩ ነው የምሄደው።

ቁጥር 1 የኔ ጥያቄ ነው። የምኖረው ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው፤ ባለ አንድ መኝታ። ክብ ሐዲድ አለኝ፣ ግን ሳሎኑን ሙሉ ይይዛል። እንግዳ በመጣ ቁጥር ማንሳት ነው። በቅርቡ አክስቴ ከጀርመን ስትመጣ ሮለር ስታንድ አመጣችልኝ። ለማያውቀው ሰው፦ ከእጅ ክንድ ያጠረች ሐዲድ ናት። በላይዋ ጥቃቅን ኩሽኔታ ያላቸው ማረፊያዎች ይቀመጣሉ። የሎኮሞቲቩ (የባቡሩ ጎታች ራስ) ጎማ በሁለት ኩሽኔታ መሀል ያርፋል። ኤሌክትሪኩ ከሐዲዱ በኩሽኔታው አልፎ ጎማው ጋ ይደርሳል። ሞተሩ ይነሳል፣ ጎማው ይዞራል፣ ባቡሩ ግን ካለበት አይነቃነቅም። ጂም ውስጥ ትሬድሚል ላይ እንደሚሮጥ ሰው ማለት ነው። የጠየቅኩት፣ በየማታው ግማሽ ሰዓት እንዲህ ባስኬደው ሞተሩን ይጎዳው እንደሆነ ነው። መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ጨመርኩ። ቦታ ለሌለን ሰዎች ይሄ ከሐዲድ አያንስም አልኩ። ጭቅጭቁን ያመጣው ጥያቄው ሳይሆን ይሄ ነው።

ቁጥር 2 ደግ ሰው ነው። መጀመሪያ እንኳን ደስ አለህ ብሎኝ ከዚያ መለኪያውን ጠየቀ። ባለ ሁለት ሐዲድ ነው ወይስ እንደ ጀርመኑ የሞዴል ባቡር ሠሪ እንደ ሜርክሊን መሀል ላይ ሦስተኛ መገናኛ ያለው? ጥያቄው ተገቢ ነው። የሜርክሊን ከሆነ ስታንዱም መሀሉ ላይ ኤሌክትሪክ የሚሰጥ መሆን አለበት፤ ያለዚያ አይነሳም። የኔ ኤች ኦ የሚባለው መለኪያ ነው (ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያነሰ)፣ ባለ ሁለት ሐዲድ፣ 12 ቮልት ዲሲ። የጀርመን 50ኛ ክፍል የጭነት ሎኮሞቲቭ ሞዴል ነው፤ አምስት ጥንድ ትልልቅ ጎማ፣ ፊት ለፊት አንድ ጥንድ ትንንሽ።

ቁጥር 3 ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ መልስ ነው። ሮለር የሚያስፈልገው ሞተሩ ለሚያዞራቸውና ኤሌክትሪክ ለሚቀበሉት ጎማዎች ብቻ መሆኑን አስረዳ። የፊቶቹ ትንንሾች ሐዲዱ ላይ ዝም ብለው ቢቀመጡ ምንም አይሉም። ከኔ ጋር የመጡት አራት ማረፊያዎች ናቸው፤ ጎማው ግን አምስት ጥንድ ነው። መሀለኛው አየር ላይ ቢንጠለጠል ችግር እንደሌለው ነገረኝ፤ የጎን ዘንጎቹ ሁሉንም አንድ ላይ ስለሚያዞሯቸው። ዋናው ነገር ሎኮሞቲቩ ዝንፍ እንዳይል ውኃ ልክ መጠበቅ ነው። አንዱ ወገን ከፍ ካለ ቀስ እያለ ተንሸራቶ ከስታንዱ ይወርዳል። ጠረጴዛ ላይ ከሆነ ደግሞ መሬት ይገኛል። ስለዚህ ከፊቱ ማገጃ አድርግ አለኝ። በዚያው ማታ አንድ የእንጨት ቁራጭ አስቀመጥኩ።

ቁጥር 4 ላይ ድምፁ ተቀየረ። ኑሮ እንዲህ በተወደደበት ጊዜ አዋቂ ሰው በመጫወቻ መጨቃጨቁ እንዳሳዘነው ጻፈ። ቁጥር 5 ወዲያው ገባና ካልወደድከው አታንብብ በሚል መንፈስ መለሰለት፤ ከዚያም አልፎ የማይገባ ቃል ጨመረ። እኔ በሁለቱም አልተስማማሁም። ቁጥር 5 ስለኔ ሲል መቆጣቱ ገብቶኛል፣ ግን ቃሉ ከልክ አልፏል። ለቁጥር 4 ደግሞ ይህን ማለት እፈልጋለሁ። እኔ ቴስተር መያዝና ካውያ ማሞቅ የተማርኩት ከነዚህ ባቡሮች ነው። የቤቴን ፕላግ የምጠግነው በዚያ እውቀት ነው።

ቁጥር 6 መርካቶ ሄዶ ትንንሽ ኩሽኔታ ገዝቶ ስታንዱን ራሱ እንደሠራ ተረከ። በልጅነቱ ቁልቁለት ላይ ይነዳት የነበረችውን ባለ ኩሽኔታ ጋሪ አስታወሰ። ስንቶቻችን በዚያች ጋሪ ጉልበታችን ተልጧል! ኩሽኔታዎቹን በሚስማር አያይዞ ሐዲዱ ላይ ሲያስቀምጣቸው ግን ባቡሩ አልተነሳም። አዳፕተሩም ጋለ። ምክንያቱ እስካሁን እንዳልገባው ጻፈ።

ቁጥር 7 ምክንያቱን በሁለት መስመር ነገረው። የግራውና የቀኙ ኩሽኔታ በአንድ የብረት ሚስማር ከተያያዙ ሾርት ያደርጋሉ። ሁለቱ ሐዲዶች በቀጥታ ተገናኙ ማለት ነው። መሀሉ ላይ የፕላስቲክ ዘንግ መግባት አለበት፣ ወይም ግራና ቀኙ እየብቻቸው መሠራት አለባቸው። ሌላም ነገር አስታወሰ። ከፋብሪካ የሚወጣው የኩሽኔታ ግራሶ ኤሌክትሪክን ያዳክማል። ታጥቦ ወጥቶ በምትኩ አንድ ጠብታ ቀጭን ዘይት ቢገባ ይበቃል። ቁጥር 6 በማግስቱ ተመልሶ አመሰገነ። ዘንጉን ከምን እንደሠራው ገምቱ፦ ከእስክሪብቶ ቀፎ።

ቁጥር 8 ገጠመኝ ነው። የገዛውን ሎኮሞቲቭ ትልልቅ ጎማዎች ሮለር ላይ አስቀምጦ መብራት ቢለቅበት ዝም አለው። ሞተሩ ተቃጥሏል ብሎ አንድ ጥገና ቤት ወሰደው። ጥገና ቤቱም ተቃጥሏል ብሎ ገንዘብ ተቀበለው። በኋላ ነው ሞተሩ ከኋላ፣ የከሰሉ ጋሪ ውስጥ መሆኑን ያወቀው። በእንዲህ ዓይነቱ ሞዴል ሮለሩ መግባት ያለበት ከጋሪው ሥር ነው። የፊቶቹ ጎማዎች ሐዲድ ላይ ሲገፉ እንጂ በራሳቸው አይዞሩም። እባካችሁ ሮለር ከመግዛታችሁ በፊት ሞተሩ የት እንዳለ ተመልከቱ።

ቁጥር 9 ሮለሩ ለጽዳት እንደሚመች አስታወሰ። ጎማው እየዞረ በአልኮል የረጠበ የጆሮ ማጽጃ ጥጥ ጠጋ ማድረግ ነው። ጥቁሩ ቆሻሻ ይለቃል። ቁጥር 10 ግን አልኮል ውድ ስለሆነ በቤንዚን ማጽዳት ይሻላል ብሎ መከረ። እዚህ ላይ ቁጥር 11 በጣም ተቆጣ፤ እኔም ከእሱ ጋር ነኝ። ትንሹ ሞተር ውስጥ ካርቦኑ (ለሚዞረው ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያቀብለው ቁራጭ) በሚነካበት ቦታ ብልጭታ አለ። የቤንዚን ትነት በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከብልጭታ ጋር ምን እንደሚያደርግ ማንም ያውቃል። ፕላስቲኩንም ሊበላው ይችላል። አልኮሉም ቢሆን ይቀጣጠላል። ጥቂት ብቻ፣ መስኮት ከፍቶ፣ ጠርሙሱን አርቆ። ቁጥር 11 ሌላም ነገር ጨመረ። አንዳንድ ጎማዎች ላይ መንሸራተትን የሚከላከል ስስ የጎማ ቀለበት አለ። ዘይት ከነካው ይለሰልስና ይወልቃል። ስለዚህ ዘይት የሚቀባ ሰው በመርፌ ጫፍ ይቅባ።

አሁን ወደ ዋናው ክርክር ደረስን። ቁጥር 12 የኔን ማጠቃለያ በትህትና ግን በጽኑ ተቃወመ። ሮለር ላይ ያለ ሎኮሞቲቭ የሚጎትተው የለውም። ዳገት የለም፣ ፉርጎ የለም፣ ኩርባ የለም። ጥርሶቹ ያለ ጭነት ስለሚነካኩ ትክክለኛ መያዣቸውን አያገኙም። እዚያ ላይ ዝም ብሎ የሚሮጥ ሎኮሞቲቭ ሐዲድ ላይ ሲወጣ ሊንገዳገድ ይችላል። ስለዚህ ሮለር ከሐዲድ ያንሳል ነው የሚለው።

ቁጥር 13 ይህን መለሰለት። አዲስ ሎኮሞቲቭ ሲወጣ አንዳንድ የአውሮፓ ፋብሪካዎች ራሳቸው ያለ ጭነት ግማሽ ሰዓት ወደፊት፣ ግማሽ ሰዓት ወደኋላ አስኪዱት ብለው መመሪያቸው ላይ ይጽፋሉ። ምክንያቱም ካርቦኑ የሚነካውን ክብ ቅርጽ ቀስ ብሎ እንዲይዝ ነው። ግራሶውም በጥርሶቹ ላይ ይዳረሳል። ይህን ለማድረግ ሮለር ከሐዲድ ይመቻል፤ ሰው ቁጭ ብሎ በቅርብ ያያል፣ ይሰማል። ከዚያ ቴስተር አስገቡና አምፔሩን ተመልከቱ አለ። ጤነኛ የኤች ኦ ሞተር ያለ ጭነት ብዙ ጊዜ ከግማሽ አምፔር በታች ነው የሚወስደው። ፍጥነቱ ሳይቀየር አምፔሩ ከፍ እያለ ከመጣ የሆነ ቦታ ደርቋል ወይም ጠብቋል። ያኔ ማቆም ነው።

እኔ ይህን ሞከርኩ። የኔ መጀመሪያ ላይ 0.31 አሳየ። ከሃያ ደቂቃ በኋላ 0.24 ወረደ። ድምፁም ለሰለሰ። በዚያች ማታ ምን ያህል እንደተደሰትኩ ለመናገር ቃል ያንሰኛል።

ቁጥር 14 ረጅም ነው፤ ግን አንዱንም መስመር መዝለል አልፈለግኩም። ትልልቆቹ ባቡሮችም ሮለር ላይ ይሞከሩ እንደነበር አስታወሰን። አሜሪካ ውስጥ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ በ1891 እንዲህ ያለ መሞከሪያ ነበረው። የፔንሲልቬኒያ ባቡር ኩባንያ በ1904 በሴንት ሉዊስ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ አቁሞ ሕዝቡ እንዲያይ አደረገ፤ በኋላም ወደ አልቱና ወሰደው። በዚያው ዓመት እንግሊዞች ስዊንደን ላይ የራሳቸውን ሠሩ። ያ ግን ለኃይለኛ ሎኮሞቲቭ አቅም አነሰው። ስለዚህ ናይጀል ግሬስሊ የተባለው መሐንዲስ በ1934 አዲሱን ሎኮሞቲቩን በመርከብ ወደ ፈረንሳይ ላከው። ፓሪስ አጠገብ ቪትሪ ላይ በ1933 የተከፈተ መሞከሪያ ነበርና። እንግሊዞች ራግቢ ላይ ትልቁን የከፈቱት በ1948 ነው። (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው፤ ከዚህ በታችም እንደዚያው።)

የቁጥር 14 ቁም ነገር ግን ዓመቱ አይደለም። በነዚያ መሞከሪያዎች ሮለሮቹ ከፍሬን ጋር ተያይዘው ነበር። ፍሬኑ ሮለሩን ሲይዘው ሎኮሞቲቩ ከባድ ባቡር የሚጎትት ያህል ይታገላል። ከኋላው ደግሞ የመጎተት ኃይሉን የሚለካ መሣሪያ ነበር። እንግዲህ ቁጥር 12 ስለ ጭነት ያለው ትክክል ነው፤ መሐንዲሶቹም ያውቁት ነበር። የኛዋ ትንሽ ስታንድ ፍሬን የላትም። ቁጥር 13ም ትክክል ነው፤ ያለ ጭነት ማለማመድ የራሱ ቦታ አለው። ይህን ካነበብኩ በኋላ ቁጥር 1 ላይ የጻፍኩትን አስተካክያለሁ። ሮለር ሐዲድን አይተካም። ግን ሐዲድ የማያሳየውን ያሳያል። የጎን ዘንጉ ሲወጣና ሲወርድ፣ ፒስተኑ ሲገባና ሲወጣ ከአንድ ስንዝር ርቀት ማየት ሐዲድ ላይ አይገኝም። ሐዲድ ላይ ውልብ ብሎ ያልፋል።

ከዚህ በኋላ ክሩ ወደ ለገሃር ሄደ። ቁጥር 15 አባታቸው ምድር ባቡር ውስጥ የሠሩ ጋሼ ናቸው። ወረቀቱ ሁሉ በፈረንሳይኛ እንደነበር፣ አባታቸው ማታ ቤት ሲገቡም የመሣሪያውን ስም በፈረንሳይኛ ይጠሩ እንደነበር አወጉን። ለገሃር የሚለው ስም ራሱ ከፈረንሳይኛው የመጣ ነው፤ ጣቢያው ማለት ነው። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1917፣ አሁን የምናየው የጣቢያ ሕንፃ የተመረቀው በ1929 ነው። ጋሼ በልጅነታቸው አንበሳው ሐውልት ሥር ቁጭ ብለው አባታቸውን ይጠብቁ ነበር። ይህን ሳነብ ስልኬን አስቀምጬ መስኮት ከፈትኩ። ከኔ ቤት ለገሃር በእግር ሩቅ አይደለም። ከ2015 ጀምሮ የሚታየው ግን ቀላል ባቡሩ ነው፤ የጅቡቲው ባቡር መነሻው ከመሀል ከተማ ወጥቶ ፉሪ ለቡ ሆኗል።

ቁጥር 16 የድሮው ሐዲድ ስፋቱ 95 ሴንቲ ሜትር እንደነበር ጻፈ። ቁጥር 17 ሰውየውን ሳያነቡ አይጻፍም ብሎ ሸነቆጠው። 95 ሴንቲ ሜትር የሆነው የምፅዋ–አስመራው ነው። የኛ አንድ ሜትር ድፍን ነበር። እርማቱ ትክክል ነው፤ አነጋገሩ ግን ጋሼ ባሉበት ክር ውስጥ ደስ አይልም። ቁጥር 16 ይቅርታ ጠየቀ። ቁጥር 17ም ለዘብ ብሎ ተመለሰና ሒሳቡን ሠራልን። ኤች ኦ ማለት አንድ ሰማንያ ሰባተኛ ነው። መደበኛው 1435 ሚሊ ሜትር ለ87 ሲካፈል 16.5 ይሆናል፤ የኔ ሐዲድ ስፋት። አንድ ሜትሩ ሲካፈል ደግሞ 11.5 ገደማ ነው። ስለዚህ የድሮውን የለገሃር ባቡር በዚህ መለኪያ መሥራት የሚፈልግ ሰው 12 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ይገዛል። ሮለሩም በዚያ ልክ የሚጠብ ዓይነት መሆን አለበት።

ቁጥር 18 ከዚያው ሒሳብ ተነስቶ ክሩን አነቃቃው። የድሮው መስመር ከአዲስ አበባ ጅቡቲ 784 ኪሎ ሜትር ነበር። ለ87 ሲካፈል 9 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ባቡር በሞዴሉ ልክ በሴኮንድ 19 ሴንቲ ሜትር ይሄዳል። ስለዚህ ሎኮሞቲቩ ሮለሩ ላይ 13 ሰዓት ቢሮጥ ጅቡቲ ደረሰ ማለት ነው። በየማታው ግማሽ ሰዓት ከሆነ 26 ማታ ይበቃል። ለምን አትሞክረውም አለኝ። እኔም እሺ አልኩ።

ቁጥር 19 እና 20 ፍጥነቱ በምን ይታወቃል በሚለው ላይ ተከራከሩ። ያገኘነው መፍትሔ ቀላል ነው። የኔ ሎኮሞቲቭ እውነተኛው ጎማ 1.4 ሜትር ስለሆነ ሞዴሉ 16 ሚሊ ሜትር ነው። አንዱ ዙር 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሸፍናል። ጎማው ላይ ነጭ ነጥብ ማድረግና በስልክ ቀስ በሚያደርገው ቪዲዮ መቁጠር። በአሥር ሴኮንድ 38 ዙር ከዞረ 60 ላይ ነን።

ቁጥር 21 አንድ ቃል ብቻ አለው፦ መብራት። እውነቱን ነው። መብራት ሄዶ ሲመለስ ቮልቱ ዘለል ስለሚል፣ ጠፍቶ ባለበት ጊዜ አዳፕተሩን ከሶኬት ነቅሎ መጠበቅ ይሻላል። ዓርብ ዕለት ይህ ገጥሞኛል። አሥራ ሁለት ደቂቃ ላይ ቆመ። ነቀልኩት፤ ሲመለስ ከዚያው ቀጠልኩ።

ጉዞውን የጀመርኩት ሐሙስ ማታ ነው። ወደፊት ግማሽ ሰዓት እቆጥራለሁ፤ ከዚያ ለካርቦኑ ብዬ አሥር ደቂቃ ወደኋላ አዞረዋለሁ፣ እሱን አልቆጥረውም። ሐሙስ 30 ኪሎ ሜትር። ዓርብ ቢሾፍቱን አለፍኩ። ቅዳሜ ሞጆን። ዛሬ እሁድ 120 ሞላሁ፤ አዳማ ከኋላዬ ቀርታለች። ጋሼ ከሥር ሥሩ እየገቡ በየጣቢያው ምን ይሸጥ እንደነበር ይጽፉልኛል። መልሳቸው ቁጥር ሳይሰጠው ከቁጥር 15 ሥር እየተቀጠለ ስለሆነ እዚያ ፈልጉት።

ቁጥር 22 አዲስ ሰው ነው። የጎማ ቀለበቱ የተበጠሰበት፣ እዚህ ከተማ ውስጥ ምትክ የት እንደሚያገኝ ይጠይቃል። የመለሰለት የለም። የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ ጻፉለት፤ መለኪያው ኤን ነው፣ የሐዲዱ ስፋት 9 ሚሊ ሜትር።